ኦሪትን ማወቅ ሌላ፣ ኦሪትን ማስተማር ሌላ፦ በአይሁድ ትምህርት ቤት መምህር ለመሆን ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከአንዲት ወጣት አጭር ጥያቄ ደረሰኝ። እስራኤል ያደገች፣ ዕብራይስጡንም አማርኛውንም አቀላጥፋ የምትናገር፣ አሁን ኑሮዋን አሜሪካ ያደረገች ልጅ ናት። «በአይሁድ የሙሉ ቀን ትምህርት ቤት ማስተማር እፈልጋለሁ። ቋንቋውን እችላለሁ፤ ኦሪቱንም ተምሬያለሁ። ታዲያ ለሁለተኛ ዲግሪ ዓመትና ሁለት ዓመት የማጠፋው ለምንድን ነው?» ትላለች። ለእሷ ብቻ መልሶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ጥያቄዋ ከእኛ ከቤተ እስራኤል ታሪክ ውስጥ ባሰብኩት ቁጥር የሚቆጨኝን ነገር ስለነካብኝ ለሁላችሁም ልጽፍ ወሰንኩ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወደ እስራኤል የሚገቡትን አይሁድ የሚረዳው የአይሁድ ኤጀንሲ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ዕብራይስጥና ኦሪት ተምረው መምህር የሚሆኑበት አዳሪ ትምህርት ቤት አሥመራ ላይ ከፈተ። በ1955 እና በ1956 ደግሞ 27 የሚሆኑ ልጆች በሁለት ዙር ወደ እስራኤል ተልከው ራዓናና ከሚገኘው የክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር ገቡ። የተላኩበት ጉዳይ አንድ ነው፤ ተምረው ተመልሰው በጎንደርና በአካባቢው መንደሮች እንዲያስተምሩ። ያን ጊዜ ከጎንደር ገጠር ተነሥቶ እስራኤል መድረስ ምን ማለት እንደነበረ የዛሬ ልጅ በቀላሉ አይገባውም። ቤተ እስራኤልን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው ዘመቻ ሙሴ እንኳ ገና ሠላሳ ዓመት ያህል ይቀረው ነበር።

ልጆቹ ቋንቋውን ተማሩ፤ የጸሎቱን መጽሐፍ ተማሩ፤ ቤተ እስራኤል የማያከብረውን የሐኑካን በዓል ሥርዓት ሳይቀር አወቁ። ከዚያም ተመለሱ። ታሪኩን ቀስ ብዬ ማየት የምወደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ለጋ ወጣት የዕብራይስጥ መጽሐፉን ይዞ መንደሩ ሲገባ የሚጠብቀው ሕዝብ ማን ነው? ቄሶቹ በግዕዝ የሚጸልዩ፣ ኦሪቱን በግዕዝ የሚያነቡ፣ የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት የተሰበሰበበት ታልሙድም ሆነ የመካከለኛው ዘመን ሊቅ የራሺ የኦሪት ማብራሪያ ያልደረሰው፣ እምነቱን ግን በብዙ መከራ ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ። አንድ አባት «ታዲያ እስከ ዛሬ በግዕዝ የጸለይነው ስሕተት ነበር ወይ?» ብለው ቢጠይቁት ወጣቱ ምን ይመልሳል? የሰባት ዓመቱና የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ አንድ ላይ ቢቀመጡበት ማንን በምን ያስቀድማል? አንዱ ልጅ ፊደሉን በአንድ ሳምንት ሲይዝ ሌላው ወር ቢፈጅበት ምን ያደርጋል? ዕብራይስጥ ማወቅ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሆንም። ኦሪት ማወቅም አይሆንም። መልሱ የሚገኘው ክፍል ውስጥ፣ ልምድ ካለው መምህር አጠገብ ቆሞ፣ ከዚያም በየሳምንቱ መጥቶ የሚያይና የሚመክር ሰው ሲኖር ነው።

ቁጭቴ የሚበረታው ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የኤጀንሲው ድጋፍ እየቀነሰ ሄደ፤ አብዛኞቹ የመንደር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እንደ አምቦበር ያሉ ጥቂቶች ቆዩ። ከክፋር ባትያ ከተመለሱት ከፊሎቹ ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ። በኋላ ሕዝቡ ወደ እስራኤል እንዲገባ በተደረገው ትግል ድርሻቸው ትልቅ ስለነበረ ድካማቸው ባከነ አልልም። ያ ሁሉ ተደክሞበት የሠለጠነ መምህር ግን ክፍል ውስጥ አልሰነበተም። ጉዞውና ትምህርቱ ተሟልቶ ሳለ ከትምህርቱ በኋላ ሊከተል የሚገባው ድጋፍ አልዘለቀም።

ከእነሱ በፊት የነበሩትንም ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። ለቤተ እስራኤል ትምህርት የደከመው አውሮፓዊው አይሁዳዊ ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች በ1905 ወደ አውሮፓ ወስዶ ያስተማረው ታምራት አማኑኤል ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መርቷል። ዮና ቦጋለም ውጭ ተምሮ ተመልሶ ያስተማረ ሰው ነው። ያ ትምህርት ቤት በጣልያን ወረራ ተዘጋ። ስለ ታምራት ብቻ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። በአሜሪካ የአይሁድ የሙሉ ቀን ትምህርት ቤት ማለት ልጁ ሒሳቡን፣ ሳይንሱንና እንግሊዝኛውን ከኦሪት፣ ከዕብራይስጥና ከጸሎት ጋር በአንድ ግቢ የሚማርበት የግል ትምህርት ቤት ነው። አቪ ሐይ የተባለው ፋውንዴሽን በ2013 እና 2014 የትምህርት ዘመን ባስቆጠረው መሠረት በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ወደ 255,000 ተማሪዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሕጉን አጥብቀው በሚጠብቁት፣ ኦርቶዶክስ በሚባሉት አይሁድ ትምህርት ቤቶች። ሕጉን ከዘመኑ ጋር የሚያስማማው የኮንሰርቫቲቭ ንቅናቄ የሼክተር ትምህርት ቤቶች፣ ይበልጥ ለዘብ ያሉት የሪፎርሞቹ፣ ከሁሉም ወገን ልጅ የሚቀበሉት የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶችም አሉ። የግል ስለሆኑ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የኦሪት መምህር የመንግሥት የማስተማር ፈቃድ እንዲይዝ አይገደድም። እስራኤል ያደጋችሁ እንደምታውቁት እዚያ አዲስ መምህር የስታዥ ማለትም የልምምድ ዓመቱን በመካሪ መምህር ሥር ሳይጨርስ ፈቃድ አያገኝም። አሜሪካ ግን ማንም ሳያስገድደው አንድ ወጣት ዕብራይስጥ ስለቻለ ብቻ ነሐሴ ላይ ተቀጥሮ መስከረም ላይ ብቻውን ከ20 ልጆች ፊት ሊቆም ይችላል። ሁለተኛ ዲግሪው የሚሞላው ይህን ጉድለት ነው።

ምን እንደሚሞላ ለማየት አንድ ክፍለ ጊዜ እንውሰድ። አራተኛ ክፍል፣ 45 ደቂቃ፣ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18፣ አብርሃም ሦስቱን እንግዶች የተቀበለበት። ታሪኩን ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ያልሠለጠነው መምህር የሚሰናከለውም ስለሚያውቀው ነው። እሱ ራሱ ይተርከዋል፤ «እንግዳ መቀበል መልካም ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ 20 ደቂቃ ይተርፈዋል። ልጆቹ ጽሑፉን በዓይናቸው እንኳ አልነኩትም።

የሠለጠነ መምህር መጀመሪያ ይቀንሳል። ምዕራፉ 33 ቁጥር ነው፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከቁጥር 2 እስከ 8 ይበቃል። ቀጥሎ ልጆቹ ራሳቸው ቆፍረው የሚያወጡት ነገር በጽሑፉ ውስጥ እንዳለ ይፈልጋል። በእነዚህ ሰባት ቁጥሮች የዕብራይስጡ የመሮጥ ግሥ ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ በቁጥር 2 እና በቁጥር 7። የመቸኮል ግሥ ሦስት ጊዜ አለ፤ ሁለቴ በቁጥር 6፣ አንዴ በቁጥር 7። አብርሃም ሲጋብዝ «ጥቂት ውኃ»፣ «ቁራሽ እንጀራ» ይላል። ያቀረበው ግን ከሦስት መስፈሪያ ዱቄት የተጋገረ እንጎቻ፣ ጥጃ፣ እርጎና ወተት ነው። ይህን ልዩነት ልጁ በራሱ ዓይን ካየው «አብርሃም ለምን ትንሽ ተናግሮ ብዙ ሠራ?» የሚለውን ጥያቄ መምህሩ ማቅረብ አያስፈልገውም፤ ከልጆቹ ይመጣል።

የጊዜው ክፍፍል እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ 5 ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ 5 ደቂቃ ከባድ ቃላት፣ 15 ደቂቃ በሐቭሩታ ማለትም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ማጥናት፣ 12 ደቂቃ የጋራ ውይይት፣ የቀረው 8 ደቂቃ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የሚጽፍበት። ብዙዎች የመጨረሻዎቹን 8 ደቂቃዎች ለውይይቱ ይሰጧቸዋል። አትስጧቸው። ልጁ ካልጻፈ እጃቸውን የሚያወጡት አምስት ልጆች ምን እንደገባቸው እንጂ የሌሎቹን አታውቁም።

ሐቭሩታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚያ ነው። «ጥንድ ሆናችሁ ተማሩ» ማለት መመሪያ አይደለም። ልጆቹ እጅ ላይ ወረቀት ይኑር፦ በየተራ አንድ አንድ ቁጥር አንብቡ፤ የሰማው ልጅ በራሱ ቃል ይንገር፤ የሚደጋገሙትን ቃላት በእርሳስ ክበቡ፤ መልሱን የማታውቁትን አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ መልስ ከሰጣችሁ የቁጥሩን ቦታ አሳዩ። ከሁሉም ጎበዙን ከሁሉም ደካማው ጋር አታጣምሩ፤ ጎበዙ ሠርቶ ይጨርስና ሌላው ይገለብጣል። በደረጃ የሚቀራረቡትን አጣምሩ። በአምስት ደቂቃ የሚጨርሱ ጥንዶች አይጠፉም፤ ለእነሱ ሁለተኛ ጥያቄ የያዘ ካርድ ጠረጴዛችሁ ላይ ይዘጋጅ፤ ለምሳሌ «ሣራ በዚህ ክፍል ምን ሠራች? ምን ተናገረች?» 18 ተማሪዎች ካሏችሁ 9 ጥንድ ነው፤ 15 ደቂቃው እያንዳንዱን ጥንድ አንድ ደቂቃ ቆሞ ለመስማት ይበቃል። ስትሰሙ መልስ አትስጡ። የሰማችሁትን ጻፉ፤ የጋራ ውይይቱን ከዚያ ማስታወሻ ጀምሩ።

ያልተዘጋጀ መምህርን የሚያስደነግጡ ጥያቄዎችም አሉ። የአይሁድ ትምህርት ቤት ልጅ ቁጥር 8 ላይ ሲደርስ «አብርሃም ሥጋና ወተት አንድ ላይ አቀረበ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ በአይሁድ ሕግ ሁለቱን አንድ ላይ መብላት ክልክል ነውና። «ዝም በል» የተባለ ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም። ሊቃውንቱ ከአንድ በላይ መልስ ሰጥተውበታል፤ ሕጉ ገና አልተሰጠም ነበር የሚል አለ፣ ወተቱ ቀድሞ ሥጋው ኋላ ነው የቀረበው የሚልም አለ። መምህሩ መልሶቹን ብቻ ሳይሆን የትኛው መልስ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚነገርም ማወቅ አለበት፤ በማኅበረሰብ ትምህርት ቤት የአንዱ ቤት ሥርዓት ከሌላው ቤት ይለያል። «መላእክት ከሆኑ እንዴት በሉ?» ለሚለው ራሺ የበሉ መስለው ታዩ ይላል። ከዚህ ደግሞ ራሺ በቁጥር 1 ላይ አብርሃም ከተገረዘ ሦስተኛው ቀን እንደነበረ ያስታውሳል። ወንድና ሴት ልጆች በተቀላቀሉበት አራተኛ ክፍል ይህን ቃል በምን ድምፅና በስንት ዓረፍተ ነገር ታስረዳላችሁ? የልምድ መምህር ሲያደርገው አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይቸገርም። ያላየ ሰው ወይ ይዘለዋል፣ ወይ ከሚገባው በላይ ያብራራል።

እንግዲህ ፕሮግራሞቹን ሳይ በሁለት ወገን አያቸዋለሁ። አንደኛው ወገን ክፍሉን ያስቀድማል። ከእነዚህ በሰፊው የታወቀው በ2002 በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲና ሎስ አንጀለስ ባለው በሂብሩ ዩኒየን ኮሌጅ የተጀመረው ዴሌት ነው። 13 ወር የሚወስድ ነበር፤ አንድ ክረምት ትምህርት፣ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በልምድ መምህር ክፍል ውስጥ ተለማማጅነት፣ ከዚያ እንደገና ክረምት። የብራንዳይሱ በኋላ በማስተማር ሙያ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ አድጓል። እዚያ ይመሩ የነበሩት ሻሮን ፋይማን-ኔምሰር በአዲስ መምህራን የመጀመሪያ ዓመታት ላይ የታወቁ ተመራማሪ ናቸው፤ መምህር ተመርቆ እንደማያልቅ፣ ከተመረቀ በኋላም መማሩን እንዲቀጥል ሊደገፍ እንደሚገባ ያስተምራሉ። ሁለተኛው ወገን ጽሑፉን ያስቀድማል። በ1972 የተመሠረተው የኢየሩሳሌሙ ፓርዴስ ተቋም የመምህራን ፕሮግራሙ ሁለት ዓመት የሚወስድ ነበር፤ ብዙው ሰዓትም በታልሙድና በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ያልፍ ነበር። ኒው ዮርክ ላይ በየሺቫ ዩኒቨርሲቲ የአዝሪየሊ፣ በአይሁድ ቲዎሎጂካል ሴሚናሪ ደግሞ የዴቪድሰን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች አሉ። የመጀመሪያው ወደ ኦርቶዶክስ ትምህርት ቤቶች፣ ሁለተኛው በይበልጥ ወደ ኮንሰርቫቲቭና ወደ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች ያደላል።

ምርጫው የሚወሰነው በጎደላችሁ ነገር እንጂ በተቋሙ ስም አይደለም። የጠየቀችኝ ልጅ ዕብራይስጥ አላት፤ የሌላት ክፍሉ ነው። ስለዚህ ሙሉ ዓመት በመምህር አጠገብ የሚያቆማትን ትፈልግ። አሜሪካ ተወልዶ የመንግሥት ፈቃድ ይዞ ራሺን ያለ ትርጉም ማንበብ የማይችል ወጣት ግን ኢየሩሳሌም ቢሄድ ይሻለዋል። እነዚህ ፕሮግራሞች በአብዛኛው በለጋሾች ገንዘብ የቆሙ ናቸው፤ ይከፈታሉ፣ ይለወጣሉ፣ ይዘጋሉ። አንድ ሰው ከአምስት ዓመት በፊት የነገራችሁን ይዛችሁ አታመልክቱ። የትምህርት ክፍያውን የሚሸፍኑት ብዙውን ጊዜ ተመራቂው ለተወሰኑ ዓመታት በአይሁድ ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ውል ያስገባሉ። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ዓመታቱ ስንት እንደሆኑ፣ በየትኛው አገር እንደሚቆጠሩ፣ ብታቋርጡ ገንዘቡ ብድር ሆኖ ይመለስ እንደሆነ አንብቡ።

የዛሬ ወጣቶች መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ወር ይፈጃል?» ነው። ይህ አይደላኝም። አንድን መምህር ዓመቱን ሙሉ ማየት በአጭር ቪዲዮ አይተካም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ተለማማጁ አንድ ልጅ ብቻ ይዞ ይከታተላል፤ መቼ ይሰላቻል፣ መቼ እጁን ያወጣል፣ የትኛው መስመር ላይ ይቆማል። ከዚያ አራት ወይም አምስት ልጆች ይሰጡታል። ከዚያ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ። ሙሉ ቀን የሚይዘው ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ ነው። ጥሩ መካሪ መምህር የምትባለው ቁጭ ብላ የምትጽፈው «ጥሩ ነበር» ወይም «ድምፅህ አነሰ» አይደለም። ተለማማጁ የጠየቃቸውን ጥያቄዎች ቃል በቃል፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላም ስንት ሰከንድ እንደጠበቀ ትጽፋለች። አዲስ መምህር ዝምታ ስለሚያስፈራው አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ራሱ ይመልሳል። ቢያንስ ሦስት ሰከንድ መጠበቅ ሲጀምር ከዚህ በፊት ድምፃቸው ያልተሰማ ልጆች መናገር ይጀምራሉ። ይህን በንባብ ብቻ የተማረ ሰው አላውቅም።

ይህን ብልም ሁለተኛ ዲግሪ ሳይኖራቸው ድንቅ የሆኑ መምህራን እንዳሉ አልክድም። የሚጠይቅ ወጣትም ሳይጠይቅ ከሚገባው ይሻላል፤ በእኛ ጊዜ መጠየቅ ነውር ይመስለን ነበር። ቢሆንም ያለ ሥልጠና አትግቡ።

ዕብራይስጥ አፍ መፍቻችሁ ለሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቋንቋውን በደንብ የሚናገር ሰው በፍጥነት ይናገራል፣ ልጆቹ ሲጠፋባቸው ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉምላቸዋል፣ እያንዳንዱን ስሕተት ያርማል። ሦስቱም ልጁን ዝም ያሰኙታል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከስምንት እስከ አሥር አዲስ ቃል አትለፉ፤ በሥዕልና በእንቅስቃሴ አስረዱ፤ በዚያ ቀን የምታርሙትን አንድ የስሕተት ዓይነት ብቻ ምረጡ። ሞንትሪያል ውስጥ የተዘጋጀው ታል አም በብዙ ትምህርት ቤቶች የታችኛው ክፍሎች ዕብራይስጥ የሚያስተምሩበት ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ የራሱ የመምህራን ሥልጠና ስላለው መጽሐፉን ብቻ ይዛችሁ አትግቡ።

ከእኛ ወገን ለሆናችሁ ደግሞ በግልጽ ልናገር። የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ሲደርስ ልታስተምሩ ትጠራላችሁ። በዓሉ ከዮም ኪፑር ማለትም ከስርየት ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በዕብራውያኑ ወር በሔሽቫን 29 ይውላል፤ የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴቱ በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ካደረገው ወዲህ በውጭ ያሉ ትምህርት ቤቶችም ያስቡታል። ሂዱ፣ አስተምሩ፣ ልጆቹ ስለ ኦሪቱ በግዕዝ መነበብ፣ ስለ ጾሙና ስለ ቄሶቹ ከእናንተ አፍ ይስሙ። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን የምትፈለጉ የስግድ መምህር ሆናችሁ እንዳትቀሩ። ራሺን፣ የቃል ሕጉን ስብስብ ሚሽናን፣ የጸሎቱን መጽሐፍ እንደማንኛውም ባልደረባችሁ ማስተማር ስትችሉ ስለ ስግድ የምትናገሩትም ክብደት ያገኛል። ከክፋር ባትያ የተመለሱት ልጆች በሁለቱ ወግ መካከል ብቻቸውን ቆመው ነበር። እናንተ በሥልጠናችሁ ጊዜ ይህን ጥያቄ ከመካሪያችሁ ጋር ፊት ለፊት አንሡት፤ «የአያቶቼ ልማድ ከሊቃውንቱ ትምህርት ሲለይ ለልጆቹ ምን እላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከተመረቃችሁ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት ከዲግሪው አያንሱም። የአይሁድ አዲስ መምህራን ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት የልምድ መምህራንን ለመካሪነት እያሠለጠነ አዲሶቹን ለሁለት ዓመት ያስደግፋል። ስትቀጠሩ ትምህርት ቤቱ በዚህ ወይም በሚመስለው ፕሮግራም ውስጥ እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ በውላችሁ ላይ በጽሑፍ እንዲገባ የምትጠይቁት ይህ ነው፦ በየሳምንቱ ከመካሪ ጋር አንድ የተወሰነ ሰዓት፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት ያልበለጠ የተለያየ የትምህርት ዝግጅት፣ የጸሎት ኃላፊነትም ሆነ የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ አለመጨመር። አዲስ መምህርን የሚሰብረው የልጆቹ ባሕርይ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ለአራት ክፍል አራት የተለያየ ትምህርት በየምሽቱ ማዘጋጀቱ ነው። ርእሰ መምህሩ «እንተጋገዛለን» ካሏችሁ አመስግኑና በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት ብላችሁ ጠይቁ።

ማመልከቻውን ከክረምቱ ብዙ ወራት አስቀድማችሁ ጀምሩ። የእስራኤል ዲግሪ ያላችሁ ውጤታችሁ ተተርጉሞና በአሜሪካ ተቋም ተገምግሞ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል፤ የአብዛኛው ሰው ማመልከቻ የሚዘገየውም በዚህ ወረቀት ነው። ቅበላ ስታገኙ ደግሞ አዎ ከማለታችሁ በፊት የምትመደቡባትን መካሪ መምህር ስም ጠይቁና አንድ ሙሉ ቀን ክፍሏ ውስጥ ተቀመጡ። ይህን የማይፈቅድ ፕሮግራም ካጋጠማችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።